ኮምፒውተርዎ የዋይፋይ ኔትወርክ አላይ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤት ኮምፒውተር በድንገት የዋይፋይ ስም ማሳየት ሲያቆም አብዛኛው ሰው ወደ ጥገና የሚገባው ችግሩን በቅጡ ሳያይ ነው። ራውተሩ ተነቅሎ ይሰካል፣ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ይሰረዛል፣ ከአንድ ቪዲዮ የተገኘ መመሪያ ይሞከራል፣ እሱ ካልሠራ ሌላው ይቀጥላል፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ከመጀመሪያው የተበላሸው የትኛው እንደነበርና በመሃል የተበላሸው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። የዘመድና የጎረቤት ኮምፒውተሮችን ለዓመታት ስመለከት የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ የመጀመሪያው ችግር ብዙውን ጊዜ ትንሽ እንደነበረና ያከበደው ተጣድፎ የተወሰደው እርምጃ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በዋናነት ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች የሚመለከቱ ናቸው።

ሳይለዩ «ዋይፋይ የለም» ማለት

«ዋይፋይ የለም» የሚለው አነጋገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። አንደኛው፣ የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ ከስክሪኑ የታችኛው ቀኝ ጥግ ጠፍቶ፣ በሴቲንግ ውስጥም ዋይፋይ የሚለው ክፍል ሳይገኝ ሲቀር ነው፤ ይህ ኮምፒውተሩ የዋይፋይ ካርዱን፣ ማለትም ሞገዱን የሚቀበለውን ክፍል፣ ጨርሶ እንዳላወቀው ያመለክታል። ሁለተኛው፣ ምልክቱ እያለ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ነው፤ የራስም ሆነ የጎረቤት ስም አይታይም፤ ካርዱ መኖሩ ታውቋል፣ ነገር ግን ምንም እየሰማ አይደለም። ሦስተኛው፣ የጎረቤቶች ስም ተደርድሮ የራስ ብቻ ሲታጣ ነው፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል ዋናው ጥያቄ ራውተሩ በምን ሞገድና በየትኛው ቻናል (በሞገዱ ውስጥ ባለው የትኛው መስመር) እያስተላለፈ ነው የሚለው ይሆናል። አራተኛው፣ ስሙ ታይቶ ግንኙነቱም ተፈጥሮ ኢንተርኔት ብቻ ሲጠፋ ሲሆን፣ ይህ ከሦስቱ ጋር ዝምድና የለውም፤ ኮምፒውተሩ ኔትወርኩን አግኝቷል፣ የተቋረጠው ብዙውን ጊዜ ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ነው።

ይህን ለመለየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ስልክዎን ከኮምፒውተሩ አጠገብ፣ ቢቻል ኪቦርዱ ላይ አስቀምጠው ሁለቱም የሚያሳዩትን የዋይፋይ ዝርዝር ጎን ለጎን ያንብቡ። ስልኩም የቤቱን ስም ካጣው ኮምፒውተሩን መነካካት አያስፈልግም፤ ወደ ራውተሩ ይሂዱ። ስልኩ አይቶ ኮምፒውተሩ ካላየ ደግሞ የስልኩን ሆትስፖት ይክፈቱና ከዋይፋይ ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ እንዲያስተላልፍ ያድርጉት። ኮምፒውተሩ ሆትስፖቱን ካየ ካርዱም ድራይቨሩም በመሠረቱ እየሠሩ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የማነሳቸውን የድራይቨርና የካርድ ጉዳዮች አልፈው በቀጥታ ስለ ሞገድና ቻናል ወደተጻፈው፣ «ስልኬ ስላየው ኮምፒውተሩም ማየት አለበት ብሎ ማሰብ» ወደሚለው ክፍል መሄድ ይችላሉ። ይህን ሙከራ የምወደው ምንም ነገር ሳይሰርዝና ሳይቀይር የችግሩን ግማሽ መንገድ ስለሚዘጋ ነው።

ማብሪያውን ሳያዩ ማለፍ

በዕድሜ ገፋ ያሉ ላፕቶፖች በጎናቸው ወይም በፊት ጠርዛቸው ላይ ዋይፋዩን የሚያጠፋ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ከላይኛው የኤፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ ያለው የአንቴና ወይም የአውሮፕላን ምልክት ነው። ኪቦርዱን በጨርቅ ሲጠርጉ ወይም ላፕቶፑን ከቦርሳ ሲያወጡ ሳያውቁት ሊነካ ይችላል። ማብሪያው ሬዲዮውን በሃርድዌር ደረጃ ዘግቶት ከሆነ ከዊንዶውስ ውስጥ የቱንም ያህል ቢሞከር አይከፈትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በሴቲንግ ውስጥ ያለውን የበረራ ሁነታ ያረጋግጡ።

አጥፍቶ ማብራትን እንደ ሪስታርት መቁጠር

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፈጣን አነሳስ የሚባለው አሠራር ሲበራ፣ ኮምፒውተሩን ሲያጠፉት የሲስተሙ ዋና ክፍልና የድራይቨሮቹ ሁኔታ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ ሲያበሩት ያው የተቀመጠው ተመልሶ ይነሳል። ድራይቨሩ ተደናግሮ ከሆነ ድንግርግሩ ራሱ ተቀምጦ ይመለሳል ማለት ነው። ሪስታርት የሚለውን ሲመርጡ ግን ሁሉም ነገር ከባዶ ይነሳል። ስለዚህ ማድረግ ያለብዎ ማጥፋትና ማብራት ሳይሆን ሪስታርት ነው። እሱ ካልረዳ ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት፣ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነው ይቆዩ። ካርዱ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ስለሚወጣ፣ ከእንቅልፍ ሁነታ በኋላ የጠፋ ካርድ በዚህ ብቻ ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ድራይቨሩን ቀድሞ መሰረዝ

ብዙ መመሪያዎች «ድራይቨሩን ሰርዘው እንደገና ይጫኑት» ብለው ይጀምራሉ። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ቦታው ግን መጀመሪያ ላይ አይደለም። ከመሰረዝ በፊት የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍተው ኔትወርክ አዳፕተርስ በሚለው ሥር ያለውን ይመልከቱ። በካርዱ ስም ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ትንሽ ቀስት ካለ ካርዱ እንዳይሠራ ተደርጓል ማለት ነው፤ በቀኝ ክሊክ መልሰው ያስነሱታል፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ቀስቱም ሆነ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለበት ሁለቴ ክሊክ ሲያደርጉት የስህተት ቁጥር ይነግርዎታል፦ ኮድ 22 ካርዱ በሰው ወይም በፕሮግራም መዘጋቱን፣ ኮድ 28 ድራይቨር አለመጫኑን፣ ኮድ 10 ካርዱ መነሳት አለመቻሉን፣ ኮድ 43 ካርዱ ራሱ ችግር እንዳለበት ስላስታወቀ ዊንዶውስ እንዳቆመው ይገልጻሉ። የተደበቁትን አሳይ የሚለውን መርጠው የካርዱ ስም ደብዝዞ ከኮድ 45 ጋር ከታየ፣ ዊንዶውስ ካርዱን ቀድሞ ያውቀው ነበር፣ አሁን ግን ሊያገኘው አልቻለም። እነዚህን ቁጥሮች ሳያነቡ ድራይቨር መሰረዝ ምልክቱን ከማስረጃው ጋር ማጥፋት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ስረዛው ራሱ የሚፈጸምበት መንገድ ነው። ለመሰረዝ ሲስማሙ የሚመጣው ትንሽ መስኮት ውስጥ የድራይቨሩንም ሶፍትዌር ልሰርዝ ወይ የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለ። ሳጥኑን ባዶ ከተዉት ዊንዶውስ ካርዱን እንደገና ሲያገኝ ያንኑ ድራይቨር ከራሱ ማከማቻ መልሶ ይጭነዋል። ምልክት ካደረጉበት ግን ፋይሎቹም ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልግዎታል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልግዎታል። እዚህ አዙሪት ውስጥ የገባ ሰው መውጫው ስልኩ ነው፦ ስልኩን በቻርጅ ገመዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ በዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋራት የሚለውን ያብሩት፤ አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ዊንዶውስ እንደ ገመድ ኔትወርክ ይቆጥረዋል። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ከራውተሩ ጋር በገመድ ማገናኘት ይቻላል።

ድራይቨሩን የሚያወርዱበት ቦታም ጉዳይ አለው። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም፤ ከካርዱ ጋር የማይስማማ እትም ከመጫናቸው በላይ ያልተፈለገ ሌላ ፕሮግራም ይዘው ይገባሉ። የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ከሥሩ ካለው ተለጣፊ ላይ አንብበው ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱት። ችግሩ የጀመረው ዊንዶውስ ራሱን ካደሰ በኋላ ከሆነ ግን አዲስ ፍለጋ ሳይወጡ፣ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በካርዱ የድራይቨር ገጽ ላይ ወደ ቀድሞው እትም የሚመልሰውን ቁልፍ መሞከር ይቀድማል።

ድራይቨሩ ሳይነካ ዝርዝሩ ባዶ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። በዊንዶውስ ውስጥ በዙሪያው ያሉትን ኔትወርኮች የመፈለግና የማገናኘት ኃላፊነት ያለበት ደብሊውላን አውቶኮንፊግ የሚባል ሰርቪስ (ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ሲሆን፣ ኮምፒውተር እናፈጥናለን የሚሉ ፕሮግራሞች አንዳንድ ጊዜ ያስቆሙታል። ሰርቪስስ የሚለውን መስኮት ከፍተው መሥራቱንና በራሱ እንዲነሳ መደረጉን ማየት በቂ ነው።

የራውተሩን ሪሴት ቀዳዳ መውጋት

በዕድሜ የገፉ አንድ ጎረቤቴ ላፕቶፓቸው ዋይፋይ አላይ ብሏቸው ጠሩኝ። ስደርስ ራውተሩ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጧል፤ አጠገቡ የተዘረጋ የወረቀት መያዣ ሽቦ አለ። «ልጄ፣ እንደ አዲስ ይነሳ ብዬ ከኋላው ያለችውን ቀዳዳ ጫን አድርጌ ያዝኳት» አሉኝ። ሽቦዋ ያጠፋችው ራውተሩን ሳይሆን በውስጡ የነበረውን ነገር ሁሉ ነው፦ የኔትወርኩን ስም፣ የይለፍ ቃሉን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የኢንተርኔት አቅራቢው ሠራተኛ መስመሩን ሲያስገባ የሞላውን የተጠቃሚ ስምና ኮድ። የላፕቶፑን ችግር ስናየው የበረራ ሁነታ በርቶ ነበር፤ በአንድ ክሊክ ተፈታ። የራውተሩን ኮድ ፈልጎ መልሶ ለመሙላት ግን ሁለት ቀን ወሰደ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ያለ ችግር ይሠሩ የነበሩት ስልኮች ሁሉ ኢንተርኔት አጥተው ሰነበቱ።

ራውተርን ሪስታርት ማድረግና ሪሴት ማድረግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሪስታርት ለማድረግ ኤሌክትሪኩን ነቅለው ግማሽ ደቂቃ ከቆዩ በኋላ መሰካት ነው፤ ምንም አይጠፋም። ሪሴት ግን ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሌላው የቤቱ ዕቃ በዋይፋይ እየሠራ ኮምፒውተሩ ብቻ ካላየ የራውተሩን ቀዳዳ ለመንካት የሚያበቃ ምክንያት የለም። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ኔትወርክ ሪሴት የሚለው ቁልፍም በመጠኑ ተመሳሳይ ነው፤ አዳፕተሮቹን ሁሉ አውጥቶ መልሶ ስለሚጭን የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችና የቪፒኤን ቅንብሮች አብረው ይሄዳሉ፤ ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አንዱ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

ስልኬ ስላየው ኮምፒውተሩም ማየት አለበት ብሎ ማሰብ

ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ዋይፋይ አንድ ሞገድ አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ በ5 ጊጋኸርዝና በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ላይ በ6 ጊጋኸርዝ ይተላለፋል። ብዙ የቆዩና ርካሽ የዋይፋይ ካርዶች የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እንዲያስተላልፍ ከተደረገ እንዲህ ያለው ካርድ የኔትወርኩን ስም ደካማ አድርጎ ሳይሆን ጨርሶ አያየውም፤ ስልኩ ግን ያለ ችግር ይጠቀማል። ካርድዎ የትኛውን ሞገድ እንደሚሰማ ለማወቅ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ያለውን ስሙን ይመልከቱ፤ በስሙ ውስጥ ኤሲ ወይም ኤኤክስ የሚሉት ፊደላት ካሉ 5 ጊጋኸርዝን ይሰማል፤ ኤን ብቻ ከሆነ የካርዱን ዝርዝር መግለጫ ማየት ይሻላል፤ ምክንያቱም የ802.11 ኤን ደረጃ ሁለቱንም ሞገዶች ቢፈቅድም ብዙዎቹ ካርዶች የተሠሩት ለአንዱ ብቻ ነው። 6 ጊጋኸርዝ ደግሞ ዋይፋይ 6ኢ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ካርድ፣ ዊንዶውስ 11ና ደብሊውፒኤ 3 የተባለውን ጥበቃ ይፈልጋል።

ሞገዱ ትክክል ሆኖ ቻናሉ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ውስጥ አብዛኛው ዓለም ከ1 እስከ 13 ያሉትን ቻናሎች ይጠቀማል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጁ ካርዶች ግን በተለምዶ ከ1 እስከ 11 ብቻ ይሰማሉ። ራውተሩ ቻናሉን በራሱ እንዲመርጥ ተትቶ፣ አካባቢው ሲጨናነቅበት ወደ 12 ወይም 13 ከሄደ ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ ትናንት ያየውን ኔትወርክ ዛሬ ያጣዋል፤ ነገ ራውተሩ ቻናል ሲቀይር መልሶ ያገኘዋል። አንድ ወዳጄ ለሦስት ሳምንት ያህል «ላፕቶፔ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተዋል» እያለ ካርድ ሊያስቀይር ነበር። በብራውዘር የሚከፈተውን የራውተሩን ቅንብር ገጽ ከፍተን ስናየው ቻናል 13 ላይ ቆሟል። ወደ 6 ቀየርነው፤ ገጹ አስቀምጫለሁ ብሎ ተመልሶ ሳይከፈት ስሙ ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ። ለቤት ራውተር እርስ በርስ የማይደራረቡት ሦስቱ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ከእነሱ አንዱን አስይዞ መተው ይህን ጣጣ ያስቀራል።

በ5 ጊጋኸርዝ ውስጥ ደግሞ ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ራዳር የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ፣ ራውተሩ በእነሱ ላይ ከማስተላለፉ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ ራዳር ከሰማም ቻናሉን ለቆ መውጣት ይገደዳል። ራውተሩን ነቅለው በሰኩ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ «5ቱ አልመጣም» ብለው ሌላ ነገር መነካካት ከጀመሩ የተጣደፉት እርስዎ ነዎት፤ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱ።

አዲስ ራውተር ከገባ በኋላ ብቻ የመጣ ችግር ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ። ኢንቴል እንዳሳወቀው፣ አንዳንድ የቆዩ የዋይፋይ ካርዶቹ በአሮጌ ድራይቨር ሲሠሩ በ802.11 ኤኤክስ፣ ማለትም በዋይፋይ 6 የሚያስተላልፍን ራውተር በዝርዝራቸው ውስጥ አያሳዩም፤ ድራይቨሩ ሲታደስ ያሳያሉ። እስኪታደስ ድረስ በራውተሩ ገጽ ላይ የዋይፋይ 6 ሁነታን ለጊዜው ማጥፋት ይቻላል። እዚያው ገጽ ላይ ሳሉ የኔትወርኩ ስም እንዲደበቅ ተደርጎ እንደሆነም ይመልከቱ። ስም መደበቅ ለደኅንነት የሚጨምረው ነገር የለም፤ በተቃራኒው ላፕቶፕዎ በሄደበት ሁሉ ስሙን እየጠራ እንዲፈልገው ያስገድደዋል። ጠንካራ የይለፍ ቃል አስቀምጦ ስሙን መግለጥ ይሻላል።

አንቴናን እንደ ጌጥ ማየት

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለባቸው ኮምፒውተሩ ዋይፋይ ያለው መሆኑን ነው፤ ብዙ ማዘርቦርዶች (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳዎች) ያለ ዋይፋይ ይሸጣሉ። ዋይፋይ ካለው ከኋላው ሁለት ትናንሽ የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርስ ያላቸው መውጫዎች ይታያሉ፤ እነዚያ የአንቴና ቦታዎች ናቸው። አንቴናዎቹ በካርቶኑ ውስጥ ቀርተው ኮምፒውተሩ ሲገጠም ካርዱ በአንድ ክፍል ርቀት ያለውን ኔትወርክ እንኳን ላያይ ይችላል። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ካርድም ከስክሪኑ ዙሪያ የሚመጡ ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች አሉት። ራም ወይም ዲስክ ከተቀየረ ማግስት ዋይፋይ ከደከመ ከእነዚህ አንዱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። መልሶ መግጠሚያዋ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ስለሆነች በቀጥታ ከላይ ቀስ ብሎ መጫን እንጂ መወዝወዝ አይገባም፤ ደጋግሞ ለመንቀልና ለመሰካትም አልተሠራችም።

በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር የሚጠቀሙ ከሆነ የሰኩበት ቦታ ለውጥ ያመጣል። ዩኤስቢ 3 በሚሠራበት ጊዜ የሚያወጣው የሬዲዮ ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርዝን እንደሚረብሽ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። አዳፕተሩ ከውጫዊ ሃርድ ዲስክ ጎን ተሰክቶ ኔትወርኩን ካጣ፣ ወደ ዩኤስቢ 2 መሰኪያ ማዛወር ወይም በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩ ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ካርዱ መሞቱ ሳይረጋገጥ አዲስ መግዛት

ካርድ ይሞታል፤ ነገር ግን ሞቷል ከማለት በፊት አንድ የማያዳግም ሙከራ አለ። ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም) በሌላ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ውስጥ ያዘጋጁና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱት፤ ሳይጭኑት የመሞከር ምርጫውን ከያዙ ዲስክዎ አይነካም። እዚያ ላይ የዋይፋይ ዝርዝሩ ከመጣ ካርዱ ጤነኛ ስለሆነ ችግሩ በዊንዶውስ ውስጥ ነው፤ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። እዚያም ካልመጣ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የባዮስ ገጽ ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ ተዘግቶ እንደሆነ ይመልከቱ። በባዮስ ክፍት ሆኖ፣ በዊንዶውስ ኮድ 45 እያሳየ፣ በሊኑክስም ካልታየ ካርዱ አልቆለታል ወይም ከመሰኪያው ለቋል። ለቆ ከሆነ ከፍቶ መልሶ መሰካት ይበቃል፤ አልቆለት ከሆነ ላፕቶፑን ሳይከፍቱ በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር መጠቀም ይቻላል። ሲገዙ ራውተርዎ የሚያስተላልፍበትን ሞገድ የሚሰማ መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ ድራይቨሩንም ከሳጥኑ ጋር ከሚመጣው ሲዲ ሳይሆን ከአምራቹ ድረ ገጽ አስቀድመው በስልክዎ አውርደው ፍላሽ ላይ ይያዙት።